ለአዲስ ሰው የኮሚት መብት መቼና እስከ ምን? አምስት አሠራሮች ጎን ለጎን

ፕሮጀክቱ ትንሽ ነው እንበል። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ የሚቀይር ላይብረሪ ሊሆን ይችላል። የአማርኛ ቃላት ማረሚያም ሊሆን ይችላል። ወይም ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሠርተው ክፍት ያደረጉት አፕ ይሆናል። አንድ ቀን የማታውቁት ሰው ፑል ሪኩዌስት (ይህን ለውጥ አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ይልካል። ታዩታላችሁ፣ ደህና ነው፣ ታስገቡታላችሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም ይልካል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «እኔስ በቀጥታ ኮሚት እንዳደርግ ለምን አትፈቅዱልኝም?» ኮሚት ማድረግ ማለት ለውጥን በፕሮጀክቱ የኮድ ታሪክ ላይ መመዝገብ ነው።

ቡድኑ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይሰጠው» ይላል። ሌላው «ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰውዬው ነው። እኔ ግን ከሰውዬው በፊት ስለ መብቱ እንነጋገር ባይ ነኝ። የትኛውን መብት ነው የምንሰጠው? ብንሳሳትስ ምን ያህል ያስከፍለናል?

ይህን የጻፍኩት ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና አካባቢው ላይ ከሁለት እስከ አሥር ሆነው ለሚሠሩ ቡድኖች ነው። ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች እንዴት እንደሚሠሩ እናያለን። ከዚያ ለእኛ ዓይነቱ ቡድን ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን እንመዝናለን።

## መብቱ አንድ አይደለም፣ አራት ነው

«አክሰስ ስጠው» ሲባል አንድ ነገር የሚሰጥ ይመስላል። ወሎ ውስጥ ቅሬ (ዕድር) ያለው ሰው ይህ አያሳስተውም። ቅሬ መግባት ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ መዝገቡን መያዝ ሌላ፣ የሣጥኑን ገንዘብ መያዝ ደግሞ ሌላ። ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይም ኃላፊነቶቹ የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ጉዳዮችን ማስተናገድ ነው። የስህተት ሪፖርት ማንበብ፣ መለያ መለጠፍ፣ የተደገመውን መዝጋት። ኮድ አይነካም። ጊትሃብ (ኮድ በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ለዚህ «ትሪያጅ» የሚባል ራሱን የቻለ ደረጃ አለ።

ሁለተኛው «ራይት» ነው፤ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) መክፈት፣ የሌላ ሰው ፑል ሪኩዌስት ሜርጅ ማድረግ (ወደ ዋናው ኮድ ማስገባት)። ብዙ ሰው የኮሚት መብት ሲል ይህን ማለቱ ነው።

ሦስተኛው ሪሊዝ ማውጣት ነው። ኤንፒኤም ወይም ፓይፒአይ (የጃቫስክሪፕትና የፓይተን ፓኬጆች የሚለቀቁባቸው መድረኮች) ላይ አዲስ ቨርዥን መልቀቅ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ማደስ። ይህ ከሪፖዚተሪው ውጭ፣ በሌላ አካውንት የሚሰጥ መብት ነው። ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው።

አራተኛው አድሚንነት። ሰው መጨመርና ማስወጣት፣ ሴቲንግ መቀየር፣ ሲብስም ሪፖዚተሪውን መሰረዝ።

ሁለተኛው ላይ ብንሳሳት ጉዳቱ ይታከማል። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ታሪክ ይይዛል፤ የተበላሸ ኮሚት ሪቨርት ይደረጋል (ወደ ነበረበት ይመለሳል)። ሦስተኛው ላይ ብንሳሳት ግን ቨርዥኑ የሰው ኮምፒውተር ላይ ወርዷል። ኤንፒኤም ላይ አዲስ የተለቀቀን ፓኬጅ እንደልብ መሰረዝ የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ብቻ ነው፤ ያውም ሌላ ፓኬጅ ካልተመረኮዘበት። ቢሰረዝ እንኳ ያወረደው ሰው ጋ ይቀራል።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ወደ ኋላ የሚመለሰውን መብት ቶሎ ስጡ፣ የማይመለሰውን አዘግዩ።

## ትልቁ ጉዳት የደረሰው የት ላይ ነው?

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። በኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር) ዓለም በጣም የተወራላቸውን ሁለት ጉዳዮች እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ኢቬንት ስትሪም» የሚባል የኤንፒኤም ፓኬጅ ነበር። በሳምንት ወደ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይወርድ ነበር። ባለቤቱ ግን ራሱ መጠቀም ካቆመ ቆይቷል። አንድ የማይታወቅ ሰው «እኔ ልጠብቀው» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ሪፖዚተሪውንም የኤንፒኤም መብቱንም ሰጠው። አዲሱ ሰው ሌላ ፓኬጅ ውስጥ የተደበቀ ኮድ አስገባ። ኮዱ የሚፈልገው «ኮፔይ» የሚባለውን የቢትኮይን ዋሌት ነበር። የታወቀው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። «ኤክስዚ» በየሊኑክሱ (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ውስጥ ያለ የፋይል ማመቂያ ነው። ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረው በመሠረቱ አንድ ሰው ነው፤ ያውም በትርፍ ጊዜው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ «ጂያ ታን» በሚል ስም አንድ ሰው ጥሩ ጥሩ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች አካውንቶች ብቅ እያሉ ባለቤቱን «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ወተወቱት። ጂያ ታን ቀስ በቀስ ኮሚትም ሪሊዝም እጁ ገባ። በ2024 መጀመሪያ ላይ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር (የተደበቀ መግቢያ) ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። የኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር የሚገባበት ፕሮግራም) መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አልዋጥ ብሎት ነው የተከታተለው።

አንድ ዝርዝር ላይ ልቁም። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ጊቱ ላይ አልነበረም። የነበረው ለሕዝብ በሚለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ነው። ኮሚቶቹን አንድ በአንድ ያነበበ ሰው እንኳ ያንን ቁራጭ አያገኘውም ነበር። ሪሊዝ የማውጣት መብት ከኮሚት መብት ይከብዳል የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላም ነገር እወስዳለሁ። ጂያ ታን በትዕግሥት ዓመታት ጠብቋል። «ስድስት ወር ከሠራ እናምነዋለን» የሚለው ሕግ እሱን አያቆመውም። ጊዜ ብቻውን መመዘኛ አይሆንም።

## በምን እንመዝን?

አምስቱንም አሠራሮች የማያቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ስህተት ቢፈጠር መመለስ ይቻላል ወይ? ዋናው ሰው ቢታመም፣ ሥራ ቢይዝ ወይም ኔትወርክ ቢጠፋበት ፕሮጀክቱ ይቆማል ወይ? ገምጋሚው ላይ የሚወድቀው ሸክም ምን ያህል ነው? አዲሱ ሰው ጓጉቶ ይቆያል ወይስ ተሰላችቶ ይሄዳል?

አምስተኛው ጥያቄ የእኛ አገር ነው፤ ይሉኝታን ይችለዋል ወይ? የምናውቀውን ሰው፣ ያውም አብሮን ያደገውን፣ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብደናል። ተማሪ የመምህሩን ኮድ «ይህ አይገባም» ብሎ ሊመልስ? ከባድ ነው። አሠራሩ ይህን ከሰው ትከሻ ላይ ካላወረደልን ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ከአምስቱ አንዱም ክፍያ አይጠይቅም። የሚወጣው የሰው ጊዜና የሞባይል ዳታ ነው።

## አንደኛ፦ ሁሉም በአንድ እጅ

አዲስ ሰው ፎርክ ያደርጋል (የራሱን ቅጂ ይወስዳል)፣ ፑል ሪኩዌስት ይልካል። የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ምንም መብት የለውም።

የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ከሩቅ ሲታይ እንዲህ ይመስላል። ዋናው ዛፍ ላይ የሚያስገባው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ግን ከሥሩ ለየክፍሉ ብዙ ሜንቴነሮች (ጠባቂዎች) አሉ። እነሱ ገምግመው፣ አጣርተው፣ ሰብስበው ያቀርቡለታል። እሱን ሳያዩ «ሊነስም ብቻውን ነው የሚሠራው» የሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ኤስኪዩላይት የሚባለው ዳታቤዝ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ከውጭ ሰው ግን ኮድ አይቀበልም።

ለእኛ? ፕሮጀክቱ ገና ሲጀመር ደህና ነው። ቅርጹ ሳይለይ አሥር እጅ ቢገባበት ይበላሻል። ተጠቃሚ ከመጣ በኋላ ግን አደገኛ ነው። ያ አንድ ሰው ደሴ ላይ መብራት ጠፍቶበት ይሆናል፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ይሆናል። ፑል ሪኩዌስቱ ሦስት ወር ይቀመጣል። የላከው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም። ይሉኝታውም ሁሉ የሚወድቀው በዚያ በአንድ ሰው ላይ ነው።

## ሁለተኛ፦ አንድ ፓች ያስገባ ሁሉ

ይህኛው ሲሰሙት ያስደነግጣል። ሩቢኒየስ የሚባለው የሩቢ ፕሮጀክት አንድ ፓች ተቀባይነት ላገኘለት ሰው ሁሉ የኮሚት መብት ይሰጥ ነበር። ኦድሪ ታንግ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት «ፐግስ»ም በዚሁ ልግስና ይታወቃል። ፊሊክስ ጋይዘንዶርፈር የተባለ ፕሮግራመር በ2013 ይህንኑ መከረ፤ ፑል ሪኩዌስት ለላከላችሁ ሰው ኮሚት መብት ስጡ አለ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። መብቱን ያገኘ ሰው ፓቹን ወርውሮ አይሄድም። የራሱ ነው ብሎ ይጠነቀቅበታል።

በሰው ባሕርይ ረገድ ትክክል ይመስለኛል። እኛ ጋ ደግሞ አደራ የተሰጠው ሰው ቀላል አይመለከተውም። ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ ጊትሃብ ላይ «ራይት» ያለው ሰው አውቶሜሽኑን በሚያዘው ፋይል በኩል የሪፖዚተሪውን ሚስጥራዊ ቁልፎች ማውጣት ይችላል። የኤንፒኤም ቶክን (ቨርዥን ለመልቀቅ የሚያገለግል ሚስጥራዊ ቁልፍ) እዚያ አስቀምጣችሁ ከሆነ፣ ኮሚት ሰጠሁ ብላችሁ ሪሊዝም አብራችሁ ሰጥታችኋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ሃያ ሰው ከገባ በኋላ ማን ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ሁሉም የሁሉም ሲሆን ማንም አያየውም።

ለመዝገበ ቃላት፣ ለትርጉም፣ ለዶክመንቴሽን ግን እመርጠዋለሁ። አንድ ቃል ተሳስቶ ቢገባ ነገ ይታረማል።

## ሦስተኛ፦ በድምፅ

ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የያዘው አፓቺ የሚባለው ድርጅት በዚህ ይታወቃል። አንድ ሰው በሥራው ከታየ በኋላ ነባሮቹ በዝግ ይመክራሉ። በተለምዶ ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል፤ የተቃውሞ ድምፅ ከኖረ አያልፍም። ጊዜው ቢያንስ 72 ሰዓት ነው፣ በተለያየ የዓለም ክፍል ያለው ሁሉ እንዲደርስ። እጩው ውሳኔው ከማለፉ በፊት አያውቅም። ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ደግሞ ኮር (ዋና) አባላት ለአንድ ሳምንት ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠየቃል፣ መሪው ምክር ቤትም ሊሽረው ይችላል።

ድምፁ ዝግ መሆኑን ወድጄዋለሁ። ይሉኝታችንን ከሁሉም በተሻለ የሚያስታግሰው ይህ ነው። እጩው ሳይሰማ «ገና ነው» ማለት ይቻላል። ማንም ፊቱን አያዞርበትም፣ እሱም አይከፋውም። ችግሩ ቁጥር ነው። ቡድናችሁ ሦስት ሰው ከሆነ ሦስት የድጋፍ ድምፅ ማለት የሁሉም ስምምነት ነው። አንዱ ስልኩን ካላነሳ ጉዳዩ ይንጠለጠላል። አምስት ንቁ ሰው ሳይኖራችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

## አራተኛ፦ በክፍል የተወሰነ መብት

ይህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምመክረው ይህን ስለሆነ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሰውዬው የሚያውቀውን ክፍል ይጠብቃል፣ ሌላውን አይነካም። ኩበርኔትስ (ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ውስጥ በየፎልደሩ የባለቤቶች ፋይል አለ። ማን ይገመግማል፣ ማን ያጸድቃል የሚለው እዚያ ተጽፏል፤ ሁለቱም ሲስማሙ ሮቦቱ (አውቶማቲክ ፕሮግራሙ) ያስገባዋል። ሰብቨርዥን (እንደ ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም) ሙሉ ኮሚተርና ከፊል ኮሚተር ነበረው። ከፊሉ የተፈቀደለት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። ይህን የሚያስከብረው ሶፍትዌር አልነበረም፤ መተማመን ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ «ዴቢያን ሜንቴነር» የሚል መካከለኛ ደረጃ አለው። እንዲህ ያለው ሰው የሚጭነው የተፈቀዱለትን ፓኬጆች ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ነባር አባል ቁልፉን (ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን የዲጂታል ቁልፍ) ሊፈርምለት ይገባል፣ ለዚህም በአካል መገናኘት የተለመደ ነው። ለደሴ ልጅ ይህ ቀላል መንገድ አይደለም።

ጊትሃብ ላይ የሚሠራው በ«ኮድኦነርስ» (የኮዱ ባለቤቶች) ፋይል ነው። የአማርኛ ትርጉም ያለበትን ፎልደር ለአንዷ፣ የዘመን ስሌቱን ለሌላው ትጽፋላችሁ። ከዚያ ዋናውን ብራንች «ፕሮቴክትድ» (የተጠበቀ) ታደርጉና የክፍሉ ባለቤት ሳያጸድቅ ምንም እንዳይገባ ትዘጋላችሁ። ሁሉም «ራይት» ይኖራቸዋል። ነገር ግን ማንም ብቻውን ዋናው ብራንች ላይ አይጽፍም።

ለወሎ ቡድን ለምን ይሆናል? ሥራው በተፈጥሮው የተከፋፈለ ስለሆነ ነው። የቋንቋ መምህሯ የቃላቱን ፋይል ታውቃለች፣ የጃቫስክሪፕቱ ጉዳይ አይመለከታትም። ልጁ አንድሮይዱን ይችላል፣ የጳጉሜን ስሌት ግን ሊያምታታው ይችላል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ይህን የረሳ ኮድ ብዙ ነው። እዚያ ፋይል ላይ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ዓይን ግዴታ ቢሆን ቂም አይፈጥርም። የመምህሩም የተማሪውም ኮድ በአንድ በር ይገባል። «እኔ አይደለሁም የከለከልኩ፣ ሲስተሙ ነው» ማለት ይቻላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ሲባል አድሚኖችም ሕጉን እንዳያልፉ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። ካልበራ ትልቅ ሰው ሲመጣ ሕጉ ይታጠፋል።

ድክመቱ ደግሞ ይህ ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ባለቤት ብቻ ከተጻፈ ያ ሰው ሲጠፋ ክፍሉ ይቆለፋል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ስም ጻፉ፤ አንዱ ደሴ ሌላው ከዚያ ውጭ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

## አምስተኛ፦ በአስተማሪ ሥር

ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ ኮሚተር ሲቀበል ሜንተር (አስተማሪ) ይመድብለታል። መብቱ አለው፣ ግን ለጊዜው ሜንተሩ ሳያጸድቅ አያስገባም። ሜንተሩ በቃህ ሲለው ራሱን ይችላል።

ለመመረቂያ ፕሮጀክቶች ከዚህ የሚሻል አላየሁም። የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ተማሪ የሦስተኛ ዓመቷን ይይዛታል። እሱ ሲመረቅ እሷ ትቀጥላለች። ችግሩ ጥሩ ሜንተር ብርቅ መሆኑ ነው። ከሁለት ሰው በላይ ለአንድ ሜንተር አትስጡ።

## በአጭሩ ሲታይ

| አሠራር | ስህተት መመለስ | ዋናው ሰው ቢጠፋ | የገምጋሚ ሸክም | የአዲሱ ሰው ፍላጎት | ይሉኝታን መቻል |
|---|---|---|---|---|---|
| በአንድ እጅ | በጣም ቀላል | ይቆማል | በጣም ከባድ | ይቀዘቅዛል | ደካማ |
| አንድ ፓች ላስገባ ሁሉ | ኮድ ቀላል፣ ቁልፍ ከወጣ ከባድ | አይቆምም | ቀላል | ከፍተኛ | ጥያቄው አይነሳም |
| በድምፅ | ቀላል | አይቆምም | መካከለኛ | ጥሩ፣ ግን ይዘገያል | በጣም ጥሩ |
| በክፍል | ቀላል | ሁለት ባለቤት ካለ አይቆምም | የተከፋፈለ | ጥሩ | ጥሩ |
| በአስተማሪ ሥር | ቀላል | ሜንተሩ ከጠፋ ይጓተታል | ለሜንተሩ ከባድ | ከፍተኛ | መካከለኛ |

ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባ ስድስተኛ ነገር አለ፤ ሩስት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮጀክት አሠራር። እዚያ «ቦርስ» የሚባል ሮቦት አለ። ሰው ያጸድቃል፣ ሮቦቱ ሙከራውን ሁሉ አስኪዶ ካለፈ ብቻ ያስገባል። ከላይ ካሉት ከማንኛቸውም ጋር ይሄዳል። ጥሩ ሙከራ የሌለው ፕሮጀክት ግን ሮቦት ቢጨምር ምንም አያገኝም።

## ለየትኛው ቡድን የትኛው?

ብቻችሁን ከሆናችሁና ተጠቃሚ ገና ከሌለ በአንድ እጅ ይቆይ። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጉ፤ አንድ የምታምኑት ሰው ምትክ አድሚን ይሁን። ኮድ ባይጽፍም ግድ የለም።

የተማሪ ቡድን ከሆናችሁ ሪፖዚተሪው በአንድ ልጅ የግል አካውንት ላይ አይቀመጥ። የጊትሃብ ኦርጋናይዜሽን (የቡድን አካውንት) መክፈት ነፃ ነው። የግል አካውንት ላይ ያለው ደረጃ ሁለት ብቻ ነው፤ ባለቤትና ተባባሪ። ትሪያጅ፣ ራይት፣ ሜንቴይን እያሉ መለየት የሚቻለው ኦርጋናይዜሽን ላይ ነው። ልጁ ተመርቆ ሲሄድ ሥራው አብሮት አይሄድም። የአስተማሪውን መንገድ ያዙ፣ ምረቃ ከመድረሱ ከአንድ ሴሚስተር በፊትም ርክክቡን ጀምሩ።

የቃላት ወይም የትርጉም ሥራ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ፣ ከአራተኛው ጋር ቀላቅሉት። የቃላቱ ፎልደር ለብዙ ሰው ይከፈት፣ ኮዱ ይዘጋ። ጊት የማይችሉ የቋንቋ ሰዎችን ግን ጊት ተማሩ ብላችሁ አታሰቃዩዋቸው። እንደ «ዌብሌት» ያለ የትርጉም መድረክ ሥራውን በድረ ገጽ ያሠራቸዋል፣ ኮሚቱን ራሱ ያደርጋል። በአንድ ቃል አጻጻፍ ላይ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር መነጋገር በፑል ሪኩዌስት አስተያየት አይሆንም። ስልክ ደውሉላቸው። «እንደምን ዋሉ?» ብሎ የተጀመረ እርማት በቶሎ ያልቃል።

ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚመረኮዙበት ላይብረሪ ካላችሁ አራተኛው ነው፣ ያውም ሳይሸራረፍ። ሪሊዝ የሚያወጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ፓይፒአይ ላይ «ኦነር» እና «ሜንቴነር» ተለያይተዋል፤ ሜንቴነሩ ቨርዥን ያወጣል፣ ሌላ ሰው መጨመር ግን የኦነሩ ነው። ቶክኑን ሪፖዚተሪው ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ጊትሃብ ላይ «ኢንቫይሮንመንት» (ለብቻው የሚጠበቅ ክፍል) ውስጥ አድርጉትና የሰው ፈቃድ ጠያቂ አድርጉት። ክፍት ለሆነ ሪፖዚተሪ ይህም ነፃ ነው።

አምስትና ከዚያ በላይ ንቁ ሰው ካላችሁ አራተኛውን ይዛችሁ አዲስ የክፍል ባለቤት የሚሾመው በዝግ ድምፅ ይሁን። ሁለቱ አብረው ጥሩ ይሄዳሉ።

የትኛውንም አሠራር ብትይዙ፣ ሁሉም ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብራ። በስልክ አፕ የሚሠራው ያለ ኢንተርኔትም ኮድ ያወጣል፣ ዋጋ የለውም። የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትማችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ገንዘብ ካላችሁ ሪሊዝ ለሚያወጡት ሁለት ሰዎች የደህንነት ቁልፍ (መግቢያን የሚያረጋግጥ ትንሽ መሣሪያ) ግዙ። ለሁሉም መግዛት አያስፈልግም።

## እስከ ምን እንየው?

ስንት ፑል ሪኩዌስት ይበቃል? ቁጥር አልሰጥም። የማየው ሌላ ነገር ነው። አስተያየት ሲሰጠው ያስተካክላል ወይስ ይጨቃጨቃል? የሌላን ሰው ሥራ አይቶ ረድቷል? «አላውቅም» ማለት ይችላል? ያስገባው ነገር ሲበላሽ ራሱ ተመልሶ መጥቷል? እነዚህ አራቱ ከታዩ «ራይት» ስጡት፣ ብዙ አታጓትቱት። ማንነቱን በአካል ማወቅ ለዚህ ደረጃ የግድ አይደለም፤ ብራንቹ ተጠብቋል፣ ቁልፎቹም ተለይተው ተቀምጠዋል።

ለሪሊዝና ለአድሚን ግን ማወቅ አለባችሁ። በቪዲዮ ተነጋገሩ። የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። ከማይታወቁ አካውንቶች «ቶሎ ስጡት» የሚል ግፊት ከመጣ ደግሞ ኤክስዚን አስታውሱና ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

## የጠፋ ሰው መብት

ብዙ ፕሮጀክቶች ለረጅም ጊዜ ያልሠራን ሰው መብት ይወስዳሉ። ትክክል ናቸው፤ የተረሳ አካውንት ከተሰረቀ በር ይሆናል። ፍሪቢኤስዲ ይህን ሲያደርግ «ለጊዜው እናስቀምጥልህ» በሚል መንፈስ ነው፤ ሰውዬው ተመልሶ ሊጠይቅ ይችላል። አፓቺ ላይ ደግሞ አንዴ የተገኘ ደረጃ በጊዜ ብዛት አይሰረዝም የሚል አመለካከት አለ።

እኛ ጋ ሕጉን ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ «ሦስት ወር ያልታየ ይወጣል» የሚል ሕግ ቢኖር ወልድያና ላሊበላ ያሉት ሁሉ ከፕሮጀክቱ ይወጡ ነበር፣ አዲስ አበባ ያሉት ብቻ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግንኙነት ባለበት ጊዜ ይሁን። ከመውሰዳችሁ በፊት በስልክ ደውሉ። ስትወስዱም «ራይት»ን ወደ «ትሪያጅ» ዝቅ አድርጉት እንጂ ስሙን አትሰርዙት። ሪሊዝና አድሚን ግን ጠፋ ከተባለ በዚያው ሳምንት ይነሳ፣ ማንም ይሁን ማን።

ኮንትሪቢዩቲንግ ፋይላችሁ (ለፕሮጀክቱ አስተዋፅኦ የማድረጊያ መመሪያው) ላይ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ይበቃል፦ «ለስድስት ወር ያልሠራ አባል በስልክና በኢሜይል ይጠየቃል። በአንድ ወር ውስጥ ካልመለሰ መብቱ ወደ ትሪያጅ ዝቅ ይላል። ሲመለስ ሁለት ፑል ሪኩዌስት ካስገባ በኋላ ያለ ድምፅ ይመለስለታል። በአካባቢው ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ አይቆጠርም።»